«ፒ» ላይ የማትነሳ፣ «ኤን» ላይ የምትነሳ መኪና፦ ስለ ኒውትራል ሴፍቲ ስዊች ቅያሬ

ክቡር ጠያቂ፣ እ.ኤ.አ. የ2008 ስሪት የሆነችው አውቶማቲክ ቶዮታ ያሪስዎ ማርሹ «ፒ» (ማቆሚያው) ላይ እያለ ቁልፍ ሲያዞሩ ምንም ድምፅ እንደማታሰማ፣ ወደ «ኤን» (ነጻ ማርሽ) ሲያመጡት ግን ወዲያውኑ እንደምትነሳ፣ የኋላ ማርሽ መብራቷም አንዳንዴ እንደማይበራ ጽፈውልኛል። አንዱ ጋራዥ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) እንዲቀየር፣ ሌላው ደግሞ ስዊቹን ዘሎ ሽቦውን በቀጥታ ለማገናኘት እንደመከሩዎትም ገልጸውልኛል። ሁለቱንም ምክር እንዳይቀበሉ አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ።

ሞተሪኖው ማርሹ የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ኤን» ላይ ሁልጊዜ የሚያስነሳ ከሆነ ባትሪውም፣ ሞተሪኖውም፣ ፊውዙም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ማርሹ «ፒ» ላይ ሲሆን የማስነሻውን ትእዛዝ የሚያሳልፈው ንክኪ ነው። ይህን የሚሠራው ከካምቢዮው ውጭ፣ በማርሽ መምረጫው ዘንግ ላይ የተሰካው ኒውትራል ሴፍቲ ስዊች ነው። ዘንጉ ሲዞር በስዊቹ ውስጥ ያሉት ንክኪዎች አብረው ይንሸራተታሉ፤ «ፒ» እና «ኤን» ላይ ብቻ ሞተሩ እንዲነሳ ይፈቅዳሉ፣ «አር» ላይ የኋላ ማርሽ መብራቱን ያበራሉ፣ ማርሹ የት እንዳለም ለዳሽቦርዱና ለኮምፒውተሩ ያሳውቃሉ። ሁለቱ ችግሮች አብረው መምጣታቸው ወደዚህ ዕቃ የሚጠቁመውም ስለዚህ ነው። ንክኪዎቹ በጊዜ ብዛት ያልቃሉ፤ ላቫጆ ላይ በኃይል የሚረጭ ውሃ ወደ ውስጥ ሲገባም ይዝጋሉ።

ሆኖም ስዊቹን ከመግዛትዎ በፊት የማርሽ ካቦውን ይመልከቱ። ካቦው ከላላ፣ እጀታው «ፒ» ቢያሳይም ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ እስከ መጨረሻው አይደርስም፤ ይህ ደግሞ መኪናዋ ቆማ እያለች ሳትቆለፍ ልትቀር ስለምትችል ከማስነሳቱ ችግር የባሰ ነው። ካቦው ደህና ከሆነ የስዊቹን ሶኬት ነቅለው፣ በመኪናዋ የኤሌክትሪክ ንድፍ ላይ የማስነሻው ተብለው በተመለከቱት ሁለት ፒኖች መካከል በቴስተር ይለኩ። ግንኙነት መኖር ያለበት «ፒ» እና «ኤን» ላይ ብቻ ነው። «ፒ» ላይ ከጠፋ፣ ወይም ክንዱን ሲነካኩት ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ስዊቹ ይቀየር።

ለሥራው መኪናዋን በሜዳማ ቦታ አቁመው የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹንም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደግፉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ ባትሪውንና የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ማንሳት ለእጅ ቦታ ይሰጣል። ካቦውን ከክንዱ ይለዩ፣ የክንዱን ዳዶ ፈተው ክንዱን ከዘንጉ ያውልቁ። ከሥሩ ያለው ዳዶ በታጠፈ ማቆያ ሮንዴላ የተያዘ ስለሆነ፣ ጆሮዎቹን በካቻቪቴ ቀና ካደረጉ በኋላ ዳዶውን ይፍቱት። ከዚያ ሁለቱ ብሎኖች ሲወጡ ስዊቹ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። በዘንጉ ዙሪያ የካምቢዮ ዘይት ካዩ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ (ኦይል ሲል) አብረው ይቀይሩ፤ አለዚያ አዲሱ ስዊች በዘይት እንደተነከረ ይኖራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሮጌውን በማውጣት ሳይሆን አዲሱን በማስተካከል ላይ ነው። ስዊቹን ሰክተው ሁለቱን ብሎኖች ሳያጠብቁ ያስገቧቸው። ሮንዴላውንና ዳዶውን መልሰው ዳዶውን በ6.9 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ የሮንዴላውንም ጆሮዎች መልሰው ይጠፏቸው። ከዚያ ክንዱን ለጊዜው ዘንጉ ላይ አድርገው ወደ «ፒ» አቅጣጫ እስኪቆም ያዙሩት፤ ሁለት እርከን ሲመልሱት «ኤን» ላይ ይሆናል። ስዊቹ ላይ የተሰመረው የ«ኤን» መስመር ከጎድጓዳው ምልክት ጋር ልክ እስኪገጥም ድረስ የስዊቹን አካል በቀስታ ያዙሩት፤ እንዳይንቀሳቀስ በእጅዎ ይዘው ሁለቱን ብሎኖች በ5.4 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ነው፤ በረጅም ቁልፍ የሚያጠብቅ ሰው በካምቢዮው አልሙኒየም ላይ ያለውን የብሎን ቀዳዳ ጥርስ ያበላሻል። የክንዱ ዳዶ በ13 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ካቦውን ሲያገናኙ በውስጥ ያለው እጀታም «ኤን» ላይ መሆን አለበት።

ሽቦውን በቀጥታ ስለማገናኘት የምለው አለኝ። እንዲህ የተደረገች መኪና «ዲ» ላይ እያለች ቁልፍ ቢዞር ከፊቷ ሰው ይኑር ግድግዳ አትለይም፤ ትዘልላለች። ቁልፉን የሚያዞረው ሁልጊዜ እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ልጅም ሊሆን ይችላል። ሽቦው የተዘለለ መኪና ወደ እኔ ሲመጣ ለባለቤቱ አስረድቼ፣ መልሼ ሳላስተካክል አላስረክብም።

ባትሪውን ካሰሩ በኋላ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው፣ የእግር ፍሬኑን በደንብ ረግጠው በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ማስነሳትን ይሞክሩ። «ፒ» እና «ኤን» ላይ መነሳት፣ በቀሩት ላይ ዝም ማለት አለባት፤ የኋላ ማርሽ መብራቱም «አር» ላይ ብቻ መብራት አለበት። «አር» ወይም «ዲ» ላይ ሞተሪኖው ከተንቀሳቀሰ መኪናዋን ሳይነዱ ሁለቱን ብሎኖች አላልተው መስመሩን እንደገና ያስተካክሉ።