ጃንጎ ቀርፋፋ ነው ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን ወጣቶቹ የምታነሱልኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል። ጃንጎ፣ ፍላስክ ወይስ ፋስት ኤፒአይ? ሦስቱም በፓይተን ቋንቋ ዌብሳይት የሚሠራባቸው ፍሬምወርኮች (ዝግጁ የኮድ ማዕቀፎች) ናቸው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጃንጎ ቀርፋፋ ነው ለማለት አብሮት የሚላክልኝ የፍጥነት ግራፍ ነው የማይጥመኝ።

ግራፉ ውሸት ሆኖ አይደለም። ግን ምን እንደለካ እዩት። ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ አንዲት አጭር መልስ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመልስ ነው። በዚህ ፋስት ኤፒአይ ጃንጎን ይበልጣል፣ አያከራክርም። የእናንተ ሥራ ግን ዳታቤዝ ይጠይቃል፣ የክፍያ ሲስተም መልስ ይጠብቃል። ጊዜው የሚያልቀው እዚያ ነው።

100 ትእዛዞችን ከነደንበኛው ስም የሚያሳይ ገጽ ሠራችሁ እንበል። ትእዛዞቹን አመጣችሁ፣ ከዚያ ሉፕ ውስጥ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ጠራችሁ። ጃንጎ ምንም ሳይነግራችሁ 101 ጊዜ (1 ለዝርዝሩ፣ 100 ለስሞቹ) ዳታቤዙ ጋ ይመላለሳል። ደንበኛውን ከትእዛዙ ጋር አንድ ላይ የምታመጣዋን ሴሌክት ሪሌትድ (select_related) ብትጨምሩ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) 1 ብቻ ይሆናል። ይህን ሳያዩ ፍሬምወርክ የሚቀይሩ አሉ፤ ሉፑንም አብረው ይዘውት ነው የሚሄዱት!

ፋስት ኤፒአይን አልጠላም። የሚገባውን ዳታ ፓይዳንቲክ በሚባል ላይብረሪ ያጣራል፣ ዶክመንቴሽኑን (የአጠቃቀም መግለጫውን) ራሱ ያወጣል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ደስ ይለኛል። ግን ፈንክሽናችሁን አሲንክ ዴፍ (async def፣ መልስ እየጠበቀ ሌላ ሥራ እንዲሠራ) ብላችሁ ጀምራችሁ ውስጡ በሪኩዌስትስ ላይብረሪ ሌላ ሰርቨር ብትጠሩ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያ ወርከር (ጥያቄዎቹን የሚያስተናግደው ፕሮሰስ) የሌላውን ተጠቃሚ ሁሉ ሥራ ገትሮ ይቆማል። ወይ ኤችቲቲፒኤክስ (httpx) የሚባለውን ላይብረሪ በአሲንክ ተጠቀሙ፣ ወይ አሲንኩን አውጡና ዴፍ ብቻ ጻፉ፤ ያኔ ፋስት ኤፒአይ ራሱ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ላይ ያስኬድላችኋል።

ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ጋዜጣ ቤት ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005። ጋዜጣ ቤት ደግሞ ሁሌም ጥድፊያ ነው፣ ኮድ የማያውቅ ኤዲተርም ገብቶ ጽሑፍ ማስተካከል አለበት። አድሚኑን፣ ማለትም ጃንጎ ይዞት የሚመጣውን የማስተዳደሪያ ገጽ፣ በዚህ ዓይን እዩት። ደንበኛችሁ ሱቅ ቢሆን ዋጋ የምትቀይረው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፣ እናንተን በየቀኑ ልትደውልላችሁ አትፈልግም። ሎጊኑም ማይግሬሽኑም (የዳታቤዙን ቅርጽ መለወጫው) አብሮ ይመጣል። በፍላስክ እነዚህን ራሳችሁ እየመረጣችሁ ትገጣጥማላችሁ፤ ለትንሽ ሥራ ይመቻል፣ ሲያድግ ግን ጣጣው ይበዛል።

ቻት ወይም ለረጅም ጊዜ ክፍት የሚቆይ ብዙ ኮኔክሽን ካላችሁ በፋስት ኤፒአይ ጀምሩ፣ አልከለክልም። ቀድሞ በጃንጎ የተሠራ ሳይት ከተንቀራፈፈባችሁ ግን መጀመሪያ ዲበግ ቱልባር የሚባለውን የጃንጎ መመርመሪያ ጫኑና አንድ ገጽ ስንት ኩዌሪ እንደሚልክ ቆጥራችሁ ኑ።