ጠንካራ ውሃና የቤት ውስጥ ማለስለሻ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አምስት ሰዎች የምንኖርበት ቤት ውሃ የሚያገኘው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ሳሙና ብዙ ካልታሸ አያረፋም፤ የታጠበ ብርጭቆ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይቀርበታል፤ የውሃ ማሞቂያችንም ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲበራ መንጣጣት ጀምሯል። አንድ ሻጭ ትልቁን የውሃ ማለስለሻ እንድንገዛ ይመክረናል፤ ሌላው ደግሞ በቧንቧው ላይ የሚታሰር ማግኔት ይበቃችኋል ይለናል። የትኛውን እንስማ?

መልስ፦ አንዳቸውንም ከመስማትዎ በፊት ውሃዎን ያስለኩ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ውሃው ጠንካራ መሆኑን ይጠቁማሉ፤ ይኸውም በመሬት ውስጥ በኖራ ድንጋይና በመሰል አለቶች መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዝየም አሟሙቶ ይዟል ማለት ነው። ሳሙናው ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ዝቃጭ ስለሚሆን አረፋ ለመስጠት የሚተርፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። ነጭ ልብስ እያደር የሚያደፈውም ያው ዝቃጭ በክሩ መካከል ስለሚቀር ነው። ማሞቂያው የሚንጣጣበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ በውስጡ ያለው ካልሲየም ባይካርቦኔት ወደ ካልሲየም ካርቦኔት እየተለወጠ በማሞቂያው ዘንግ ላይ ይጋገራል፣ በቅርፊቱ ሥር የገባው ውሃም እየፈላ ሲወጣ ድምፅ ያሰማል። እንዲህ የሆነ ማሞቂያ ሲፈታ አይቻለሁ። የጣት ያህል የነበረው ዘንግ በቅርፊቱ ተሸፍኖ የእጅ አንጓ አክሏል፤ ከታንኩ ሥር ደግሞ የተፈረካከሰ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ስብርባሪ በእፍኝ የሚዛቅ ሆኖ ተከማችቷል። ዘንጉ ሙቀቱን ለውሃው ማድረስ ስለሚያቅተው ራሱ ከመጠን በላይ እየጋለ መጨረሻው መቃጠል ነው።

የውሃ ጥንካሬ የሚገለጸው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለ የካልሲየም ካርቦኔት መጠን በሚሊግራም ተሰልቶ ነው። በተለመደው አከፋፈል እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 ያለው መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ያለው ጠንካራ፣ ከ180 በላይ የሆነው ደግሞ በጣም ጠንካራ ይባላል። አንዳንድ መሣሪያዎች መመሪያቸው በሌላ መለኪያ፣ በግሬን በጋሎን የተጻፈ ስለሚሆን አንዱ ግሬን 17.1 ሚሊግራም በሊትር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ይህ ልዩነት ሳይስተዋል ቀርቶ መሣሪያው በተሳሳተ ቁጥር ሲሞላ ይታያል። ላቦራቶሪ ባይኖር እንኳ በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ በቂ ነው፤ ውሃው መጀመሪያ ቀይ ይሆንና ጠብታው አንድ በአንድ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ጥንካሬው የሚታወቀውም እስኪለወጥ ድረስ ከወሰደው የጠብታ ብዛት ነው። በዚያው አጋጣሚ የብረት መጠኑንም ያስለኩ። ተቀድቶ ሲቀመጥ የዝገት መልክ የሚያወጣ ውሃ ማለስለሻውን እያደር ስለሚደፍነው ብረቱ አስቀድሞ በሌላ ማጣሪያ መወገድ አለበት። ልኬቱ ከ120 በታች ከሆነ እኔ ማለስለሻ እንዲገዙ አልመክርም፤ ማሞቂያውን በየጊዜው ማጽዳት ይበቃል።

ማግኔቱን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በማግኔት አጠገብ ያለፈ ውሃ ከማለፉ በፊትም ሆነ በኋላ ቢለካ ጥንካሬው ያው ነው፤ ቅርፊት እንዳይጋገር ይከላከላል የሚባለውም በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ገንዘብዎን አያውጡበት።

እውነተኛው ማለስለሻ ሥራውን የሚሠራው ሬዚን በሚባሉ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ በሚያንሱ የፕላስቲክ እንክብሎች ነው። እንክብሎቹ ሶዲየም ተሸክመው ይጠብቃሉ፤ ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየሙን ይለቃሉ። የተሸከሙት ሶዲየም ሲያልቅ መሣሪያው ከጎኑ ካለው የጨው ገንዳ የጨው ውሃ ስቦ ያጥባቸዋል፤ የያዙት ካልሲየም ወደ ፍሳሽ ይወርድና እንደገና ሶዲየም ተሸክመው ለሥራ ይዘጋጃሉ። ይህ መታደስ ይባላል። እንግዲህ የመሣሪያው ትልቅነት የሚወሰነው በሬዚኑ መጠን እንጂ በውጫዊ አካሉ ስላልሆነ ሻጩን በቅድሚያ የሚጠይቁት ስንት ሊትር ሬዚን እንደሚይዝ ነው።

ስሌቱን በእርስዎ ቤት እንሞክረው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 120 ሊትር ቢጠቀሙ 600 ሊትር ይሆናል፤ የውሃው ጥንካሬ 300 ቢሆን በየቀኑ መወገድ ያለበት 180 ግራም ነው። አንድ ሊትር ሬዚን በ100 ግራም ገደማ ጨው ሲታደስ 45 ግራም ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ 25 ሊትር ሬዚን ያለው መሣሪያ 1,125 ግራም ይዞ ስድስት ቀን ያህል ይቆያል፣ በአንድ ጊዜ እድሳትም 2.5 ኪሎ ግራም ጨው ይወስዳል። ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ያንኑ ሬዚን በሊትር 240 ግራም ጨው ቢያድሱት የሚይዘው ወደ 70 ግራም ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ ጨው ወደ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ደርሶ ጥቅሙ ከአንድ ተኩል ዕጥፍ ብዙም አያልፍም ማለት ነው። በመሣሪያው ላይ በትልቁ የተጻፈው አቅም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ከፍተኛ የጨው መጠን የተገኘ ስለሆነ በአነስተኛ ጨው ምን ያህል እንደሚይዝ ይጠይቁ። ከመጠን ያለፈ ትልቅ መሣሪያም መፍትሔ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ የሚቆይ ሬዚን ውስጥ ውሃው ስለሚያድር ባክቴሪያ ይራባበታል።

ከሁለቱ የመቆጣጠሪያ ዓይነቶች ደግሞ ያለፈውን ውሃ በቆጣሪ እየለካ የሚታደሰውን ይምረጡ። በቀን ቆጥሮ የሚታደሰው ቤተሰቡ መንገድ ሄዶ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ጨው ያባክናል፤ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ሬዚኑ ያልቅበታል።

ጥያቄ፦ ማለስለሻውን ገዝተናል፤ የቧንቧ ሠራተኛችን ግን ከዚህ በፊት ተክሎ አያውቅም። ውሃችን የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ነው፤ አልፎ አልፎም ይቋረጣል። የትና እንዴት ይተከል?

መልስ፦ ታንከር መጥቀስዎ ጥሩ ነው፤ የብዙ ቤቶች ችግር የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጨው ውሃው ከገንዳው የሚሳበው በፓምፕ አይደለም፤ በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት የሚያልፈው ውሃ ራሱ ነው የሚስበው። ለዚህም አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። ከታንከር የሚወርድ ውሃ ግን በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው 0.1 ባር ብቻ ነው። በገዛ ቤቴ መሣሪያው ከታንከሩ አራት ሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሎ ነበር። ውሃው ሳይለሰልስ ሲቀር የጨው ገንዳውን ከፍቼ የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት፤ ከእድሳቱ በኋላ ስመለከት ውሃው ከምልክቱ ዝንፍ አላለም። በ0.4 ባር አንዲት ጠብታ እንኳ አልተሳበችም ነበር። ችግሩ የተፈታው ከታንከሩ በኋላ፣ ከማለስለሻው በፊት አነስተኛ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ሲገባ ነው። ይህ አተካከል የመቋረጡንም ችግር ያቃልላል፤ ታንከሩ ውሃ እስካለው ድረስ እድሳቱ መሃል ላይ አይቆምም። ምናልባት ቢቆምና ቧንቧው ጨው ጨው የሚል ውሃ ቢሰጥ፣ ውሃው ሲመለስ እድሳቱን እንደገና አስጀምሮ እስኪጠራ ማፍሰስ ነው።

ቦታው ከዋናው መዝጊያና ከደለል ማጣሪያው በኋላ፣ ከውሃ ማሞቂያው በፊት ይሁን። ወደ አትክልት ቦታ የሚሄደው መስመርና የወጥ ቤቱ አንድ ቀዝቃዛ ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት ይቀጠሉ፤ ሶዲየም የበዛበት ውሃ አፈሩን ስለሚጎዳ ለአትክልት አይሆንም፣ የወጥ ቤቱን ምክንያት ደግሞ በሚቀጥለው መልስ እመለስበታለሁ። ወለሉ ጠፍጣፋና የጨውና የውሃ ክብደት የሚችል፣ ቦታው ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ኤሌክትሪክና ፍሳሽ ቅርብ የሆነ መሆን አለበት። ባይፓሱ፣ ማለትም ውሃው መሣሪያውን ሳይነካ በጎን የሚያልፍበት መስመር፣ ፈጽሞ አይቅር፤ መሣሪያው ሲበላሽ ቤቱ ያለ ውሃ እንዳይቀር የሚያደርገው እሱ ነው።

ሠራተኛዎ በተለይ እንዲጠነቀቅበት የምለምነው የፍሳሹን ቱቦ ነው። ቱቦው ወደ ፍሳሹ ውስጥ ተሰክቶ መታሸግ የለበትም። ጫፉ ከፍሳሹ አፍ በላይ፣ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ሁለት ዕጥፍ ያህል የአየር ክፍተት ትቶ ይታሰር። ያለዚያ በመስመሩ ውስጥ ግፊቱ በድንገት ሲወድቅ ቆሻሻው ፍሳሽ ወደ ምትጠጡት ውሃ ሊሳብ ይችላል። ከጨው ገንዳው የሚወጣው የትርፍ ውሃ ቱቦም ለብቻው ቁልቁል ይውረድ እንጂ ከዚህኛው ጋር አይቀጠል። የቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ሽቦ በብረት ቧንቧው ላይ የተመሠረተ ከሆነ ደግሞ ቧንቧው ተቆርጦ የፕላስቲክ ቫልቭ ሲገባ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሽቦ መታሰር አለበት፣ ይህንንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

ተከላው ሲያልቅ ውሃውን በዝግታ ይክፈቱ፣ አየሩ እስኪወጣና ውሃው እስኪጠራ ያፍስሱ፣ የለኩትን የጥንካሬ ቁጥርና ሰዓቱን ይሙሉ፣ ከዚያም አንድ እድሳት በእጅ አስጀምረው ከፊቱ ሳይርቁ ይጠብቁ። የገንዳው ውሃ ሲቀንስ በዓይንዎ ካላዩ ሠራተኛውን አያሰናብቱ።

ጥያቄ፦ አባቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። የለሰለሰውን ውሃ ቢጠጡ ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ቁጥሩን እንመልከት። በእያንዳንዱ 100 ሚሊግራም የጥንካሬ መጠን ፋንታ ወደ ውሃው የሚገባው ሶዲየም 46 ሚሊግራም ነው። ጥንካሬው 300 የነበረ ውሃ እንግዲህ በሊትር 138 ሚሊግራም፣ በሁለት ሊትር 276 ሚሊግራም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ስለሆነ መጠኑ በራሱ ብዙ ባይሆንም፣ ጨው እንዲቀንሱ ለታዘዙ ሰው የሚናቅ አይደለም። ለዚህ ነው የወጥ ቤቱ አንድ ቧንቧ ሳይለሰልስ እንዲቀር የምመክረው፤ ጥንካሬው ራሱ ለጤና ጠንቅ አይደለምና አባትዎ ያንኑ ይጠጡ፣ የሕፃናት ወተትም በእሱ ይበጥበጥ። በሶዲየም ፋንታ የፖታስየም ጨው መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ኩላሊታቸው ለታመመና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ፖታስየም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይቀይሩ። ማለስለሻ ጀርም እንደማይገድል፣ ፍሎራይድና ናይትሬትም እንደማያስወግድ ይወቁ፤ ያልተጣራ የጉድጓድ ውሃ ቢለሰልስም ያው ያልተጣራ ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ መሣሪያችን አንድ ዓመት በደንብ ሠርቶ አሁን ውሃው እንደ ቀድሞው ጠንካራ ሆነ። የጨው ገንዳው ግን ሙሉ ነው።

መልስ፦ ገንዳው ሙሉ ሆኖ ለወራት ጨው አለመቀነሱ ራሱ ምልክት ነው። እርጥበት ያገኘው ጨው ከላይ ተጋግሮ እንደ ጣሪያ ይደርቅና ከሥሩ ባዶ ይሆናል፤ ውሃው ጨው ስለማይነካ የሚሳበው ባዶ ውሃ ነው። የመጥረጊያ እጀታ ወስደው መሃሉን በቀስታ ወደ ታች ይግፉ፤ እጀታው ከተቃወመ በኋላ ድንገት ከሰመጠ ያገኙት ያንን ቅርፊት ነው። በብረት አይውጉት፣ ገንዳው ይሰነጠቃል። ቅርፊቱን ሰባብረው አንድ እድሳት በእጅ ያስጀምሩ። ገንዳው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላ፣ አፈር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ጨው ይሁን፤ አፈር ያለው ጨው የጨው ውሃ መሳቢያውን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍነዋል። ቅርፊት ካላገኙ ቀጥለው የሚያዩት ያንን ቀዳዳ ነው፤ ውሃው በባይፓሱ እንዲያልፍ አዙረው ግፊቱን ካስተነፈሱ በኋላ ይፍቱት፣ በለብ ያለ ውሃ ይጠቡት፣ በሽቦ ግን አይጎርጉሩት።