የዎርድ ፋይል ያለ ክፍያ ማክ ላይ መክፈት

ዎርድን ለያዘው ለማይክሮሶፍት ኦፊስ መክፈል የለብህም። ያገለገለ ማክቡክ ገዝተህ የመመረቂያ ጽሑፍህ በዎርድ ፋይል ከሆነ፣ የዎርድ ፋይል የሚከፍተው ሊብሬኦፊስ የሚባል ፕሮግራም ይበቃሃል። ነፃ ነው።

1. ከላይ በግራ ያለውን የአፕል ምልክት ተጫንና «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ክፈት። ኢንቴል ካለ የኢንቴሉን ሊብሬኦፊስ፣ ኤም 1 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ቺፕ ከሆነ የአፕል ሲሊኮኑን አውርድ።
2. ስታስቀምጥ የዎርድ ፎርማት ምረጥ። አለበለዚያ በራሱ ፎርማት ሊያስቀምጠው ይችላል።

አደራ፣ ለህትመት ፒዲኤፍ አድርገህ ውሰድ። የማኩ የአማርኛ ፊደል (ፎንት) ኬፋ የሚባለው ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የለም። እኔ እዚህ ሀዋሳ አንድ ማተሚያ ቤት የዎርዱን ፋይል በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ፊደሉ ተቀየረ፣ ገጹ ተንሸራተተ። ማውጫው ምዕራፍ ሦስትን ገጽ 21 ይላል፣ የታተመው ግን 23 ላይ ነው። ሦስት ኮፒ ተጠርዞ ነው ያየሁት።