የሕክምና ካናቢስ መሸጫዎች ቁጥጥርና የዜግነት ማመልከቻ

ጥያቄ፦ እናቴ ለካንሰር ኬሞቴራፒ እየወሰዱ ነው። ሐኪማቸው ለማቅለሽለሹ የሕክምና ካናቢስ (ማሪዋና) ቢሞክሩ እንደሚረዳቸው ነግረዋቸዋል፤ ይሁን እንጂ መሸጫው እያንዳንዱን ግዢ ለመንግሥት ያሳውቃል መባሉ አስግቶናል። ግሪን ካርድ ስላላቸው በቅርቡ ለዜግነት ሊያመለክቱ ነው። ችግር ያመጣባቸው ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። መሸጫዎቹን የሚቆጣጠረው የሜሪላንድ ካናቢስ አስተዳደር የተባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሚጠቀምበት የኮምፒውተር መዝገብ ሜትርክ ይባላል። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ቁጥር ያለበት መለያ ይታሰርበታል፤ ምርቱ ሲታሸግም አዲስ ቁጥር ተሰጥቶት ከቀድሞው ጋር ተያይዞ ስለሚመዘገብ፣ ሻጋታ ወይም የፀረ ተባይ ቅሪት የተገኘበት ዕቃ ከየት እንደመጣና የት እንደተሸጠ ተለይቶ እንዲሰበሰብ ማድረግ ይቻላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው በኬሞቴራፒ ለተዳከመ ታማሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታካሚውም በዚሁ አስተዳደር ዘንድ ይመዘገባል። ሻጩ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የሐኪሙ ማረጋገጫ ጊዜው እንዳላለፈና በ30 ቀን የተፈቀደው መጠን፣ ለአበባው በተለምዶ 120 ግራም፣ እንዳላለቀ ያጣራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው የዜግነቱ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም የፌዴራልን ሕግ የሚጥስ የማሪዋና አጠቃቀም አመልካቹን ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊያሳጣው እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ የመሸጫው መዝገብ ከስቴቱ ባይወጣ እንኳ እናትዎ በቃለ መጠይቁ ላይ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ መዋሸት ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። ታማሚ እናትን ከማስታገሻና ከዜግነት አንዱን ምረጪ ማለት በእኔ እምነት ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው፤ ሆኖም ሕጉ እስካለ ድረስ፣ ከመመዝገባቸው በፊት የመሸጫውን ሠራተኛ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ሐኪማቸውንም ስለ ድሮናቢኖል ይጠይቁላቸው። በካናቢስ ውስጥ ያለው ዋነኛ ንጥረ ነገር በፋብሪካ ተሠርቶ የቀረበበት ይህ ካፕሱል እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ በፌዴራል መንግሥት የተፈቀደ ስለሆነ፣ በሐኪም ማዘዣ ከመደበኛ ፋርማሲ ይገዛል፤ የካናቢስ ታካሚዎች መዝገብ ውስጥ መግባትም አያስፈልገውም።