መልስ፦ ኢዲት ቶምፕሰን ሳትወጋ ለምን ተሰቀለች?

ሰላም ወንድሜ፣ «ቢላ ያልያዘች ሴት እንዴት ትሰቀላለች?» ላልከው። እዚህ አዳማም ፍራንኮ ቡና ላይ ተከራክረንበታል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1922 እንግሊዛዊቷ ኢዲትና ባሏ ለንደን ቲያትር አይተው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ኢልፎርድ ሲመለሱ፣ ውሽማዋ ፍሬደሪክ ባይዋተርስ ድንገት ወጥቶ ባሏን ፐርሲን በቢላ ወግቶ ገደለው። በአካባቢው የነበረ ሰው፣ የሴት ድምፅ «ኧረ ተው! ኧረ ተው!» ሲል ሰምቻለሁ ብሎ መስክሯል።

ጉድ ያፈላው ደብዳቤ ነው። ባይዋተርስ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ኢዲት ትጽፍለት ነበር። እሷ የእሱን አጠፋች፤ እሱ የእሷን አስቀመጠ! በአንዳንዶቹ ላይ የአምፖል ስባሪ ፈጭታ ለባሏ እንደሰጠችው ጽፋለች። ሬሳው ከመቃብር ወጥቶ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም በርናርድ ስፒልስበሪ ሲመረምረው ግን መርዝም ብርጭቆም አልተገኘም። ለእኔ፣ የጻፈችው ወሬ ብቻ ነበር። ባይዋተርስም እስከ መጨረሻው «እሷ የምታውቀው ነገር የለም» እንዳለ ነው።

ታዲያ ምን አሰቀላት? በሕጉ አብሮ ያቀደና ያነሳሳ ሰው ከወጋው እኩል ይጠየቃል። የእኛም ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 36 አነሳሽን ይቀጣል። ግን ዳኛው ሺርማን ከግድያው ይልቅ ዝሙቱ ያንገበገባቸው ይመስላል። ጠበቃዋ አትመስክሪ ቢሏት እምቢ አለች፤ መስቀለኛ ጥያቄው ላይ ጉድ ሆነች። ይግባኙም አልሠራም። ጃንዋሪ 9 ቀን 1923 ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ እሷና ባይዋተርስ በተለያየ እስር ቤት ተሰቀሉ።

ጓደኞችህን ይህን ጠይቃቸው፦ ያን ማታ ባይዋተርስ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር የሚል የትኛው ማስረጃ ነው?