ሮቦቶች ሥራ ሲከፋፈሉ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በቡድን ስለሚሠሩ ሮቦቶች የጠየቃችሁኝን አንብቤያለሁ። በቀጥታ ልግባበት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ፈጣን አይደል? ምርጡን ክፍፍል ለምን አስልቶ አይጨርስም?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ሮቦት አንድ ሥራ ብቻ ከሆነ ይጨርሳል። 10 ሥራ ለ10 ሮቦት በ3,628,800 መንገድ ሊታደል ይችላል። ሃሮልድ ኩን በ1955 ያሳተመው «የሃንጋሪ ዘዴ» ግን ሁሉንም ሳይሞክር ምርጡን ያገኘዋል። ጣጣው የሚመጣው አንድ ሮቦት ብዙ ሥራ በተራ ሲይዝ ነው። ቅደም ተከተልና የጊዜ ገደብ ሲጨመርበት ስሌቱ ያብጣል። ስሌቱ እስኪያልቅ ደግሞ ሰዓቱ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጨረታ! በጣም የምወደው ዘዴ ነው። ሥራው ይወጣል፣ እያንዳንዱ ሮቦት ምን ያህል እንደሚፈጅበት ይናገራል፣ በትንሽ የሚጨርሰው ይወስደዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሪድ ስሚዝ «ኮንትራት ኔት» የተባለውን አሠራር በ1980 አሳትሟል። ውጤቱ ሁልጊዜ ምርጥ አይሆንም። ግን ቶሎ ይደርሳል፤ ሁኔታው ሲቀየርም እንደገና ማጫረት ቀላል ነው። እኔ ዘግይቶ ከሚመጣ ምርጥ ዕቅድ ይሄን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ግንኙነት ሲቋረጥ አንድ ሥራ ላይ ሁለት ሮቦት አይሄድም?

መልስ፦ ይሄዳል። ከባዱ ነገር ይሄ ነው። በ2009 ተመራማሪዎቹ ቾይ፣ ብሩኔትና ሃው ያቀረቡት ዘዴ ጥሩ መላ አለው። እያንዳንዱ ሮቦት የትኛውን ሥራ ማን በስንት እንዳሸነፈ መዝግቦ ይይዛል። ሲገናኙ መዝገባቸውን ያስተያያሉ። የተበለጠው ያንን ሥራ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የያዛቸውንም አብሮ ይለቃል፤ ስሌታቸው በተለቀቀው ሥራ ላይ የቆመ ነበርና።

በ2021 በአሜሪካ ሉዊቪል፣ ከመሬት በታች የተካሄደውን የዳርፓ (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም) የሮቦቶች ውድድር ፍጻሜ አስቡት። 60 ደቂቃ ብቻ። ሮቦቶቹን የሚመራው አንድ ሰው ነው። ዋሻ ውስጥ ሬዲዮ ስለማይዘልቅ አንዳንድ ሮቦቶች መልእክት አቀባይ መሣሪያ በየመንገዱ እየጣሉ ይገቡ ነበር። ሁለት ቡድኖች እኩል 23 ነጥብ አገኙ። የመጨረሻ ነጥቡን ቀድሞ ያስቆጠረው ሴርበረስ የተባለው ቡድን አሸነፈ።

ጥያቄ፦ አንዱ መሃል ላይ ቢበላሽስ?

መልስ፦ ድምፁ ሲጠፋ ሥራው ተመልሶ ይጫረታል። ጥያቄው ስንት ደቂቃ ይጠበቅ ነው። ቶሎ ከተቆረጠ፣ ግድግዳ ጀርባ ያለ ደህና ሮቦት እንደሞተ ይቆጠራል። ሥራው ቢደገም ጉዳት ከሌለው ብዙ አትጠብቁ። ሰው ፍለጋ ከሆነማ ጭራሽ አትጠብቁ፤ ሁለተኛውን ወዲያው ላኩ።