ከጣሊያን በኋላ ጎንደር ለምን የራሷ አርክቴክት ቢሮ አልነበራትም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር አውቶፓርኮ ልጅ ነኝ፤ ሲቪል ምህንድስና እማራለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። ፖስታ ቤቱም ሲኒማውም የጣሊያን ነው። ከነፃነት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ እንደ ጉድ ሲሠራ፣ እኛ ጋ ለምን የታወቀ የአርክቴክት ቢሮ አልተፈጠረም? ተረስተን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ተረስተን ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ ግን ጉዳዩን ከገበያው አንፃር ነው የማየው። የዲዛይን ቢሮ እንደ ሱቅ ነው፤ ደንበኛ ካለበት ይከፈታል። እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ዋናው ደንበኛ መንግሥት ነበር፤ መንግሥት ያለው ደግሞ አዲስ አበባ። ጎንደር ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ሕንፃ ስለነበረ መሥሪያ ቤቶቹ እዚያው ገቡ። የተሠራ ቤት እያለ ማን አዲስ ያስነድፋል?

ጣሊያናዊውን አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚን ተመልከቺ። ሰውየው የተማረው ቅየሳ ነበር፣ ሥራ የጀመረውም አሥመራ ነው፤ እዚያ ቤትና መዋኛ ሲነድፍ ቆይቶ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ሥራ ሲመጣ ወደ አዲስ አበባ አቀና። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ (የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ያለበት ማለት ነው)፤ ከዚያ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም ያዘ። ከክፍለ ሀገር ተነስቶ ያደገው ወደ ደንበኛው ስለሄደ ነው። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አቢጃንና ዳካር ድረስ ቢሮ ዘረጋ። የኛው አርክቴክት ሚካኤል ቴድሮስም ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ሆኖ ፍልውሃንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሠራ፤ ሁለቱም እዚያው አዲስ አበባ።

የዕቃውን ነገርም አትርሺ። ብረቱና መስታወቱ በጅቡቲ ባቡር የሚገባው አዲስ አበባ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር ለማምጣት የአባይን በረሃ በጭነት መኪና ወርዶ መውጣት ሌላ ዋጋ ነበር!

ለኔ ግን ትልቁ ምክንያት ትምህርት ነው። በ1954፣ ያው እ.ኤ.አ. ነው፣ በስዊድን እርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ አዲስ አበባ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጎንደር የጤና ኮሌጅ አገኘች፤ ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች አገሩን አዳረሱት። ድርሻችን ሐኪም ማፍራት ሆነ፣ ነዳፊ የሚያፈራው ሌላ ከተማ ነበር። በሚቀጥለው ክርክር ይህቺን 1954 አንሺባቸው።